ጌሙን ልተው ወይስ ጫቱን?

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ማራኪ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤታችን የሚተዳደረው ታላቅ እኅቴ ከዓረብ አገር በምትልከው ገንዘብ ነው፤ እታለም ብዬ ነው የምጠራት። ስልኬንም የገዛችልኝ እርሷ ናት፤ ‹ማስታወቂያ እየተከታተልህ ሥራ ፈልግበት› ብላ።

እኔ ግን ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም እጫወትበታለሁ። ተማሪ ሳለሁም እጫወት ነበር፤ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሁለት ዙር ተጫውተን እንተኛ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቡድኑን እንድመራ የመረጡኝ። ነገሩ የተበላሸው በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ነው። ዋይፋይ ፍለጋ ስንዞር አንድ ጫት የሚቃምበት ቤት አገኘን። ለመቀመጥ ጫት መግዛት ነበረብን፤ ገዝቶ ማየት ብቻ ደግሞ አልሆነልንም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጫቱ ተከትሎኝ ቤት ገባ። አሁን ሁለቱ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዱ አዘዞ ነው፤ የምንገናኘው ጌሙ ውስጥ ብቻ ነው። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ከስድስት ሰዓት በኋላ ገብተን ወፍ ሲንጫጫ እንወጣለን። እናቴ መብራቱን እያየች ለሥራ ፈተና የማጠና ይመስላታል። ጫቱን የምደብቀው በመጽሐፍ ካርቶን ውስጥ ነው።

ከነጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ልጅ ትራማዶል ሰጠኝ። በአንድ ፍሬ ጀመርሁ፤ አሁን አራት እወስዳለሁ። ሳልወስድ ከዋልሁ ላብ ያጠምቀኛል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ባጣሁ ቀን አረቄ እጠጣለሁ፤ አንዳንዴም ሁለቱንም። ዘንድሮ የከተራን ሌሊት ስጫወት አድሬ፣ ታቦት ሲገባ ተኝቼ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥምቀት አሳልፌ አላውቅም። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ልትወስደኝ ተዘጋጅታለች።

ያለ ጫት ስጫወት እጄ ይዘገያል፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ጌሙን ብተው ግን የሚያነጋግረኝ ሰው አይኖርም። ጌሙን ልተው ወይስ ጫቱን? ወይስ ስልኩን ሸጬ ሁለቱንም ልገላገል? አንዳንድ ጠዋት ባልነቃ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣው፣ ከጎንደር»

ወንድሜ፣ ስልኩን አትሽጥ። ቢያንስ አሁን አትሽጥ። የምታነጋግራቸውን ሦስት ሰዎች ገበያ አውጥተህ፣ ትራማዶሉንና ጫቱን ይዘህ ብቻህን ክፍልህ ውስጥ ትቀራለህ። የስልኩ ገንዘብ የት እንደሚሄድም ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ጥያቄህ ከመሄዴ በፊት ግን ደብዳቤህን ልትዘጋ ስትል በአንድ መስመር ጣል ያደረግሃትን ሐሳብ ላንሳ። «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ስትል ምን ማለትህ ነው? ድካም ነው? ወይስ ራስህን ስለ መጉዳት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት አድርገህ እንደምትሞት ያሰብህበት ቀን አለ? ይህን የምጠይቅህ ላስደነግጥህ አይደለም። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ጨለማ በደንብ ያውቁታል፤ ንጋት ላይ ዓለም ሁሉ ትርጉም ያጣል፣ ሰው ሁሉ ጠላት ይመስላል። ላይህ ላይ የሚወድቀው ከፊሉ ቅጠሉ ከደምህ ሲወጣ የሚተወው ባዶነት፣ ከፊሉም ለወራት ያልከፈልኸው የእንቅልፍ ዕዳ ይመስለኛል። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ግን ሐሳቡ ይናቃል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከበረታብህ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን እናትህን ቀስቅሳት፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛህ ትሂድ። ምን ልበላት እያልህ አትጨነቅ፤ «እማዬ፣ ብቻዬን መሆን ፈራሁ» ካልሃት ሌላው በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከጌሙና ከጫቱ አንዱን እንድመርጥልህ ጠየቅኸኝ፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያልጠየቅኸኝ ሦስተኛው ነው። ትራማዶል የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም። ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበትም ሰውነት ስለሚለምደው ነው። ከአንድ ወደ አራት የወሰደህ ይኸው መልመድ ነው። ላቡና ቁርጥማቱም ሰውነትህ የለመደውን ሲያጣ የሚያሰማው አቤቱታ ነው። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ሰው ተኝቶ ሳይነሣ የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንድታደርገው አጥብቄ የምለምንህ አንድ ነገር ቢኖር ሁለቱን በአንድ ቀን አለመውሰድ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ ተቃራኒ ሊመስልህ ይችላል፦ ትራማዶሉን ተናድደህ በአንድ ጊዜ አትጣለው። ጫት በድንገት ቢቆም የሚያመጣው ድካም፣ ንጭንጭ፣ ድብርት፣ ቅዠትና ሐራራ ነው፤ ይከብዳል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሥጋ አያሰጋም። ትራማዶል ግን ከለመዱት በኋላ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቢወጣ ነው የሚሻለው። ራስህን በራስህ አክመህ በሦስተኛው ቀን ቁርጥማቱ ሲያሸንፍህ «እኔ የማልረባ ነኝ» ወደሚለው እንድትመለስ አልፈልግም።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደተያያዘ ከደብዳቤህ ውስጥ ለማየት ሞከርሁ። ጥቅሉ ሌሊት ስለሚረክስ ሌሊት ትገባለህ። ሌሊት ለመንቃት ትቅማለህ። ስለቃምህ መተኛት ያቅትሃል። ለመተኛት ትራማዶል ትውጣለህ። ቀትር ላይ ትነቃለህ፤ መሥሪያ ቤቶች ለምሳ ተዘግተዋል፣ ቀኑ አልቋል፣ እናትህን ቀና ብለህ ማየት ታፍራለህ። የማያፍሩብህ ሰዎች ያሉት ደግሞ ጌሙ ውስጥ ነው፤ እነርሱም የሚገቡት ሌሊት ነው። አየህ፣ መካከል ላይ ያለው ጫቱም ጌሙም አይደለም፤ ሌሊቱ ነው። ጫወታውን ከሌሊቱ ብታላቅቀው ጫቱ ዋና ሥራውን ያጣል፤ ጫቱ ሲቀንስ ትራማዶሉን «ካላንተ አልተኛም» የምትልበት ምክንያት ይሳሳል።

ግን ልጠይቅህ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ዋይፋይ ያላገኛችሁባቸው ቀኖች ነበሩ አይደል? በእነዚያ ቀኖች ጫት ያምርህ ነበር? አሁንስ፣ ጌም ሳትጫወት ቅመህ ታውቃለህ? ደግሞስ ቴሌ ተበላሽቶ መግባት ያቃተህ ሌሊት የከበደህ የትኛው ነው፣ ጌሙን ማጣት ወይስ የልጆቹን ድምፅ ማጣት? መልሱን ለእኔ መላክ የለብህም። ያለ ጌም የማትቅም ከሆነ ሰዓቱን መቀየር ብዙ ርቀት ይወስድሃል። ያለ ጌምም የምትቅም ከሆነ ግን ጫቱ ራሱን ችሎ ቆሟል ማለት ነውና ለሐኪሙ ይህንንም ለይተህ ንገረው።

«ያለ ጫት እጄ ይዘገያል» ያልኸውን ሳላነሳ አላልፍም፤ ያሰረህ ትልቁ ገመድ እርሱ ስለሚመስለኝ። ውሸት አይደለም፣ ይዘገያል። ግን ማንን ከማን ጋር እያወዳደርህ ነው? የቃመውን አንተን ከሐራራ ጋር ከሚታገለውና ለወራት ደህና እንቅልፍ ካልተኛው አንተ ጋር ነው። ሦስተኛውን ረሳኸው። ተማሪ ሳለህ አንድ ሁለት ዙር ተጫውቶ ይተኛ የነበረው ልጅ ጫት ቀምሶ አያውቅም ነበር፤ ጓደኞችህ መሪያችን ሁን ያሉት ያንን ልጅ ነው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃቃል፣ ድካምን ይደብቃል፤ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አይተካም። የነቃ መሆንና የፈጠነ መስሎ መታየት ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ሰው አንድ ይመስላሉ።

በዚህ ብቻህን አይደለህም፤ በገንዘብ የሚወዳደሩትም ተፈትነውበታል። በ2015 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ2007 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጌም አንድ የታወቀ ተጫዋች እርሱና የቡድኑ ልጆች በትልቅ ውድድር ላይ አዴራል የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ወስደው እንደተጫወቱ በቃለ ምልልስ ተናገረ። ኢ.ኤስ.ኤል. የተባለው የውድድር አዘጋጅ ወዲያው እንደ ሯጮች ሁሉ የጌም ተጫዋቾችንም መመርመር ጀመረ። አዴራል አምፌታሚን ነው፤ የጫቱ ካቲኖን ደግሞ በአሠራሩ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚያ ልጆች ሽልማት ነበረባቸው፣ ስፖንሰር ነበረባቸው። አንተ ላይ ያለው ግፊት የሦስት ልጆች ሳቅ ነው። ቀላል ነው አልልህም፤ የጓደኛ ሳቅ ከዳኛ ይከብዳል። ግን መደራደር የሚቻልበት ግፊት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ጌም የሚጫወተውን ወጣት ሁሉ በሽተኛ የሚያደርጉ ሰዎች ያሰለቹኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና እክል መኖሩን ተቀብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮም ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። መቆጣጠር ማቃት፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳቱ እየታየም አለመቆሙ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። አንተ ጋር አንዳንዱ ምልክት አለ፤ የጥምቀቱ ነገር እንዳንገበገበህ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። ነገር ግን የሌሊቱና የጫቱ ነገር ሳይስተካከል የቱ የጌሙ፣ የቱ የጫቱ እንደሆነ ለባለሙያም አይለይም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ለልጆቹ ዛሬ ጻፍላቸው። ምሥጢርህን ሁሉ መዘርገፍ የለብህም። «እንቅልፍ ስላጣሁ ሐኪም ጋር ልሄድ ነው፤ ከአሁን በኋላ የምገባው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ማታ ነው፣ በዚያ ሰዓት የሚመቸው ይምጣ» ማለት ይበቃል። የቀን ጥቅል ይወደድብኛል ትል ይሆናል። ይወደድ፤ መጠኑን እርሱ ራሱ ይወስንልሃል። የአንዱ ዙር ርዝመት ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ አንድ ሁለት ዙር ትጫወታለህ፣ አንተ ተማሪ ሳለህ የምትጫወተውን ያህል ማለት ነው። ደረጃዬ ይወርዳል ብለህም አትስጋ፤ ሲዝኑ ሲቀየር የሁሉም ሰው ደረጃ ዝቅ ብሎ እንደሚጀምር ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከሦስቱ መካከል ደግሞ የአዘዞውን ልጅ ለብቻው ደውልለት። ታክሲ የሚያደርስህ ቦታ ያለ ሰው በማይክራፎን ብቻ ለምን ታገኘዋለህ? ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ጠጡ። እርሱም ካርቶን ውስጥ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ባይኖረውም ሳይስቅ የሚሰማህ ሰው መኖሩን ታያለህ።

የካርቶኑን ጫት በተመለከተ፣ ክፍልህ ውስጥ እያለ አልቅምም ማለት ራስን ማድከም ነው። ለአንድ ሌሊት የሚበቃ እንኳ ሳታስቀር አውጣው። የጀመርህበትን ቤት ደጃፍም ለጊዜው ሽሸው፤ ሌላ መንገድ አለ። ሐራራው የሚበረታብህ በለመደው ሰዓት ላይ ነውና በዚያ ሰዓት እናትህ ያለችበት ክፍል ሁን። እራት ብላ። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንቅልፍ ያለ ልክ ሊጥልህ ወይም በቅዠት ሊያባንንህ ይችላል፤ ያልፋል።

ስለ ጠበሉ በጥንቃቄ ልናገር። እናትህ ዓይነ ጥላ ያለችው ልጇ ሲለወጥ አይታ ስም ስላጣችለት ነው። ሂድ፣ ከእርሷ ጋር ቁም፣ ጸበሉንም ተጠመቅ፤ የሚጎዳህ እርሱ አይደለም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ትራማዶሉን ሳትናገር ለሱባኤ ሁለት ሳምንት ከከተማ ወጥተህ ብትቀመጥ፣ በሁለተኛው ቀን ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ ትውኪያው ይጀምርሃል። በዙሪያህ ያሉት ጋኔኑ ጮኸ ይላሉ፤ አንተም ልታምን ትችላለህ። ስለዚህ ሐኪሙ ይቅደም፤ ሱባኤው ከእርሱ በኋላ ይድረስ። እናትህ መድኃኒትና ጠበል አይገናኙም የምትል ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት ብዙ ሰዎች የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጥለው ጠበል ሲገቡ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ይሂዱ ብለው በግልጽ መናገራቸውን አስታውሳት። የነፍስ አባታችሁንም አስገባበት፤ ከአንተ ይልቅ እርሳቸውን ትሰማለች።

ለእናትህ ምን ያህል ልንገራት የሚለው ያንተ ውሳኔ ነው። እኔ ብሆን በጫቱ አልጀምርም። በብዙ የጎንደር ክርስቲያን ቤት ጫት የሚለው ቃል ገና ሲነሣ ጆሮ ይዘጋል፤ የቀረውን አትሰማህም። በእንቅልፉ ጀምር፣ ወደ ኪኒኑ እለፍ፣ ሐኪም ጋር አብራህ እንድትሄድ ጠይቃት። ጫቱን ከሐኪሙ በኋላ፣ «ልተወው እየታገልሁ ነው» ከሚለው ጋር አያይዘህ ብትነግራት ዜናው ከነመፍትሔው ይደርሳታል። ታለቅስ ይሆናል። ልቅሶዋን ለማስቆም የማትጠብቀውን ቃል አትግባ።

እታለምን ደግሞ በዚህ ሳምንት አትደውልላት። በሰው ቤት፣ በሰው አገር ሆና ስለ ወንድሟ ኪኒን ሰምታ ምንም ማድረግ ሳትችል ሌሊቱን ታድራለች። ሕክምናውን ጀምረህ ጥቂት ስትቆይ ግን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከአንተ ትስማ። እስከዚያው ለጥቅል የሚሆን ብር አትጠይቃት። የምትልከውንም ገንዘብ እናትህ እንድትይዘው አድርግ፤ ኪስህ ባዶ ሲሆን የጫት ቤቱ መንገድ ይረዝማል።

የምትሄድበት ሆስፒታል ከከተማህ አይወጣም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከሱስ ጋር የተያያዘ ችግርም እዚያ ይታያል። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ ትላለህ፤ ጎንደር ውስጥ የማይታወቅ ሰው የለምና ስጋትህ ይገባኛል። ግን ካርድ ክፍል የተሰለፈውን ሰው የሚያመው ጥርሱ ይሁን አጥንቱ ማን ያውቃል? ሐኪሙ ለፖሊስ ይነግርብኛል ብለህም አትፍራ፤ የሕመምተኛን ምሥጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። ከመሄድህ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፦ ትራማዶሉን ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ፍሬ፣ ባለ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፤ አረቄውን በሳምንት ስንት ቀን፤ ጫቱን፤ በስንት ሰዓት ተኝተህ በስንት እንደምትነቃ። «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የምትለዋንም ጻፍ፤ ፊት ለፊት ስትቀመጥ አፍህ ልትቆልፋት ስለምትችል። ቁጥር አታሳንስ። ሐኪሙ አወሳሰድህን የሚቀንስልህ በምትነግረው ቁጥር ልክ ነው፤ አራቱን ሁለት ካልኸው ስቃዩን የምትከፍለው አንተ ነህ።

ሰኞ ሂድ። ቁርስ በልተህ ውጣ፣ ውኃ ያዝ፣ እናትህን ወይም የአዘዞውን ልጅ አስከትል። ወረፋው ሊረዝም ይችላል፤ ቀትር ላይ ተሰላችተህ «ነገ እመለሳለሁ» ማለት ሲያምርህ ስልክህን አውጣና አንድ ዙር ተጫወት፤ ተራህ ሲጠራ ግን ጨዋታው ባያልቅም ተነሥተህ ግባ።